አሥራ ሦስቱም አለፉ

መቱ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሉብርሃን፣

እንደምን ከርመዋል? እትዬ የምስራችስ? የተዛወሩበት መሥሪያ ቤት ተመቻቸው? ልጅዎን ሳያትን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉንፋን በቀር የማማርርበት ነገር የለኝም። የመስከረሙን ደብዳቤዎን ሾፌሩ አሰፋ በእጄ ሰጥቶኛል። መልሱ አንድ ወር በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እርስዎ በሌሉበት ሁሉ ነገር መልካም ነው ብዬ መጻፍም ከበደኝ፣ መልካም አይደለም ብዬ መጻፍም ከበደኝ።

ልጆቹ ያስታውሱኛል ወይ ብለው ለጠየቁኝ፦ በየቀኑ ያስታውሱዎታል። በመጀመሪያው ሳምንት ትንንሾቹ በወንበርዎ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ከልክለው ነበር። አሁን ትተውታል፤ ዶሮዋ ተቀምጣበታለች።

ስምንተኛ ክፍሎቹ ሳያት ከሄደች አሥራ ሰባት ቀርተዋል። አስበውታል ጋሼ? በ1987 ይህን አሮጌ የቡና መጋዘን ጠርገን፣ ኖራ ቀብተን፣ «ቡርቃ ትምህርት ቤት» የሚል ሰሌዳ ስንሰቅል አንድ ፊደል የማያውቁ የነበሩት ልጆች እኮ ናቸው። ያኔ ዘጠና ልጅ ከታጨቀበት ክፍሌ አስወጥተው ሲያመጡኝና «ዱላ የሌለበት ትምህርት ቤት እንክፈት፤ ልጁ እየተጫወተ ይማር፣ በእጁ ይሥራ፣ የፈለገውን ይጠይቅ» ሲሉኝ፣ እውነቴን ነው፣ ያበዱ መስሎኝ ነበር። ዛሬ እነዚያ ልጆች የጓሮውን አፈር አቡክተው መቱን በሙሉ ሠርተዋታል። የሶር ወንዝ አለ፣ ገበያው አለ፣ ወደ ጎሬ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛው ሳይቀር አለ። ከፍታውን ራሳቸው ለክተው ነው።

ኢብሴ የዝናብ ጣሳዋን አልተወችም። አባቷ አቶ ኩምሳ አናጢው አዲስ የእንጨት ማቆሚያ ሠርተውላታል። በየጠዋቱ ከደወል በፊት የተጠራቀመውን ውሃ ትለካለች፤ ግድግዳው ላይ የምትስለው መስመር አሁን መስኮቱ ጋ ደርሷል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልዘለለችም። ትናንት ምን አለችኝ መሰለዎ? «በርሲስቱ፣ በእኛ አገር ደረቅ ወሮች አራት ብቻ ናቸው። መጽሐፉ ተሳስቷል።» ልጆቹ አሁንም መምህርት ማለትን ትተው በኦሮምኛ በርሲስቱ ነው የሚሉኝ፤ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ፤ ለእኛ የመጀመሪያችን ነው። ባለፈው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው ክፍሎቹን ዞሮ አይቶ ሲወጣ፣ «መጫወታቸውን አየሁ፤ የሚማሩት መቼ ነው?» አለኝ። ስቄ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን ሳቁ አልቆየልኝም። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች አሰባስቤ ላስጠናቸው እንዴ? ምን ይመክሩኛል?

ሳያትስ የት ገባች? በደብዳቤዎ የትምህርት ቤቱን ስም አልጻፉልኝም። እንደ እኛ ያለ አገኙላት?

አክባሪ እህትዎ
ዲሪቤ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ዲሪቤ፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ? በዚያ እርጥብ መጋዘን ውስጥ ሹራብ ሳትደርቢ እንደምትውዪ አውቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቤታችን ኮተቤ ነው፤ ግቢው ጠባብ፣ ጎረቤቱ ብዙ። የምስራች ሥራዋን ለምዳዋለች። እኔም አንድ የግል ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይንስ አስተምራለሁ። ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ደወል። ስለ እሱ ብዙ የሚጻፍ የለም።

ዶሮዋ ወንበሬን እንደወረሰች ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ የምስራች «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ስለ ፈተናው ለጠየቅሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ አታስጠኚያቸው። ስምንት ዓመት የተከልነውን በስምንት ወር አትንቀዪው። አሮጌ የፈተና ወረቀት አንዴ ክፍል ከገባ ልጆቹ ሌላ ነገር መጠየቅ ያቆማሉ፤ «ይሄ ይመጣል ወይ?» ብቻ ነው የሚሉሽ። ማሰብ የለመደ ልጅ የትኛውንም ጥያቄ አይፈራም። ኢብሴን አስቢያት እስቲ። እሷን የሚጥል ፈተና ካለ የወደቀው ፈተናው ነው። እመኚኝ ዲሪቤ። እንደ ጀመርሽው ቀጥይ።

ሳያት ደህና ናት፤ ቁመቷ የምስራችን ሊያልፍ ነው። ትምህርቷን ይዛለች። እዚህ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ትንሽ ከብዷት ነበር። ሁላችሁንም ትናፍቃለች። የቀረውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ይህን የሚወስድልኝ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ወንድምሽ
ሙሉብርሃን


መቱ፣ የካቲት 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሉብርሃን፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ለገና የላኩልን ካርድ ደርሶናል፤ ትንንሾቹ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። የወላጆች ስብሰባ እንዴት ሆነ ብለው ጠይቀውኛል። ልንገርዎ።

ከባድ ነበር። አንዲት እናት ተነሥታ፣ «የጎረቤቴ ልጅ የየአገሩን ዋና ከተማ በቃሉ ይወጣል። የእኔ ልጅ እቤት መጥቶ የሚነግረኝ ንብ እንዴት እንደምትጨፍር ነው» አለች። ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሌላው ቀጠለ፣ ሌላው ቀጠለ። ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስወጣት ማመልከቻ ጽፈው ይዘው ነበር የመጡት። ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሲያቅተኝ ደብዳቤዎን ከቦርሳዬ አወጣሁና «ማሰብ የለመደ ልጅ የትኛውንም ጥያቄ አይፈራም» የሚለውን አነበብኩላቸው። በኦሮምኛም መልሼ ነገርኳቸው።

ከዚያ አቶ ኩምሳ ተነሡ። ብዙ እንደማይናገሩ ያውቃሉ። «እኔ እንጨት ሠራተኛ ነኝ፤ ሌላ አላውቅም» አሉ። «ግን ጋሼ ሙሉብርሃን የገዛ ልጁን ሰባት ዓመት እዚህ ከልጆቻችን ጋር አስተምሯል። ሰው በሌላው ልጅ ይቀልድ ይሆናል፤ በገዛ ልጁ አይቀልድም። እሱ አትፍሩ ካለ እኔ አልፈራም። ኢብሴን አላስወጣም።»

ማመልከቻዎቹ ተመልሰው ኪስ ገቡ። ስብሰባው ሲያልቅ ያቺ እናት ሳትቀር መጥታ ጨበጠችኝ። ጋሼ፣ ያዳነን የእርስዎ ደብዳቤ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ለፋሲካ መምጣትዎን ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ከስምንተኛ ክፍሎቹ ሌንጮ ከአሁኑ ስንት ቀን እንደቀረ መቁጠር ጀምሯል።

ዲሪቤ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ ዲሪቤ፣

ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር፤ አልመጣም። ልጆቹን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ሳያት ጥናት ላይ ስለሆነች ትቻት መውጣት አልቻልኩም። በአሰፋ በኩል ቀለምና ብሩሽ ልኬያለሁ፤ ለትንንሾቹ ይሁን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ደብዳቤዎቼን ከእንግዲህ ለወላጆች አታንብቢ። ለአንቺ ብዬ የጻፍኩት ነው። በሰው ፊት የሚነበብ መሆኑን ባውቅ ኖሮ… ብቻ አታንብቢ። አቶ ኩምሳ አሉ ያልሽኝንም ሳነብ ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ።

በጤና ያገናኘን።

ሙሉብርሃን


መቱ፣ ሰኔ 22 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሉብርሃን፣

ፈተናው አለቀ። እንዴት እንደነበር ቶሎ ጻፊልኝ ስላሉኝ ይኸው ዛሬውኑ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን እየሳቁ ገቡ። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ያመጧቸው ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያነበንቡ የእኛዎቹ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኮራሁ፤ አልዋሽዎትም። ሲወጡ ግን አልሳቁም። ሴና ቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሎቹ ዙሪያዬ ቆመው አንዱ የሌላውን መልስ ይጠይቃል፤ ማንም ከማንም ጋር አይስማማም።

ኢብሴን «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«በርሲስቱ፣ ዝናብ የሚለካበት መሣሪያ ምን ይባላል?» አለችኝ።

ስሙን ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። አራት ስሞች ቀርበው ነበር፤ እሷ ባሮሜትር የሚለውን አክብባለች። ጋሼ፣ እኛ እኮ ያንን ዕቃ ስሙን ጠርተነው አናውቅም። የኢብሴ ጣሳ ነው የምንለው። በዚህ አውራጃ ከእሷ የበለጠ ዝናብ የለካ ሰው አለ ብዬ አላምንም፤ አንዲት ቃል ስላልነገርኳት ጥያቄው አመለጣት።

አንድ ጥያቄ ነው እላለሁ ለራሴ። አንድ ብቻ ይሆናል። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ያላስተማርኳቸውን ስሞች ስቆጥር ነው የምውለው።

የሳያትም ፈተና በዚሁ ሳምንት መሆኑን ሰምቻለሁ። እንዴት ሆነላት?

ዲሪቤ


መቱ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአቶ ሙሉብርሃን፣

የሐምሌው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ውጤቱ ሲወጣ ጥሩም ሆነ መጥፎ ሳትደብቂ ጻፊልኝ ብለውኛል። አልደብቅም።

አሥራ ሰባት ተፈተኑ፤ አራት አለፉ። ካለፉት አንዱ ሌንጮ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ቤታቸው ስሄድ ታላቅ ወንድሙ ከጥር ጀምሮ አሮጌ ፈተናዎች እያመጣ፣ በር ዘግቶ በቃሉ ሲያስወጣው እንደነበር ነገረኝ። «መምህርት፣ እንዳትቀየሚን ብለን ነው ያልነገርንሽ» አለኝ። የቀሩትን ሦስቱንም ሄጄ ጠየቅሁ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። እኛ ብቻ ያስተማርናቸው አሥራ ሦስቱ በሙሉ ወድቀዋል።

አቶ ኩምሳ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ነው ያገኘኋቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። አልተቆጡም። መላጊያቸውን አስቀምጠው፣ «መምህርት፣ ልጄ ስምንት ዓመት ደስተኛ ነበረች» አሉኝ። «አይቻለሁ፤ አልክድም። አሁን ያንን ደስታ ምን ላድርገው? የት ይዤው ልሂድ?» እዚያው የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ኢብሴ መጣች። የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። ሳያት በጥር የጻፈችላት ደብዳቤ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ደብቃዋለች፤ ለምን እንደደበቀችው ሳነብ ገባኝ፤ «አባቴ ለበርሲስቱ እንዳትነግሪ ብሎኛል» ይላል። ትምህርት ቤቷ በፈተና ውጤት የታወቀ መሆኑን፣ ከትምህርት መልስ ሁለት አስጠኚ እንዳላት፣ ቅዳሜና እሑድም እንደማትወጣ ጽፋለች። እርስዎ ራስዎ ሰዓት ይዘው የአሥር ዓመት ፈተና እንደሚጠይቋት፣ ስትሳሳት ዝም እንደሚሉና ዝምታዎ እንደሚያስፈራት ጽፋለች። ጥር ነው ጋሼ። እኔ ደብዳቤዎን ለወላጆች ከማንበቤ አንድ ወር በፊት።

ኢብሴ አላለቀሰችም። «በርሲስቱ፣ ጋሼ ለሳያት ያወቁላትን ለእኛ ለምን አላወቁልንም?» ነው ያለችኝ።

እኔም የምጠይቅዎ ይህንኑ ነው። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ዲሪቤ ኩምቢ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ዲሪቤ፣

እንኳን አደረሰሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን በምን አፌ።

ሳያት የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። የጨመረችው የለም፤ የቀነሰችው ይኖራል። መጀመሪያ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ቋንቋው ነበር፤ ልጅቷ እንግሊዝኛው እስኪገባት አስጠኚ ያስፈልጋታል አልኩ። ከዚያ የክፍል ጓደኞቿን ደብተር አየሁ። ልጆቹ ያልያዙት ነገር የለም። የእኔ ልጅ ስለ ንብ አንድ ሰዓት ታወራለች፤ «የነፍሳትን የሰውነት ክፍሎች ዘርዝሪ» ሲሏት ግን ዝም ትላለች። ፈራሁ ዲሪቤ። ሌላ ምንም አይደለም። በሰው ልጆች ደፋር ነበርኩ፤ የራሴ ላይ ሲደርስ ድፍረቱ ከየትም አልመጣልኝም።

ታዲያ ያንን ደብዳቤ ለምን ጻፉልኝ ትዪኛለሽ። የጻፍኩት ስለማምንበት ነው። አታምኚኝም፤ ግን እውነት ነው። አንዳችን እንኳን እንደ ጀመርነው እንድንጨርስ ፈልጌ ነበር። እኔ የተውኩትን አንቺ እንድትሸከሚው። አሁን በወረቀት ላይ ሳየው ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ ይገባኛል። አቶ ኩምሳ «በገዛ ልጁ አይቀልድም» ያሉትን ስትጽፊልኝ ያን ቀን ልነግርሽ ብዕር አንሥቼ ነበር። አራት ወር ይቀር ነበር፤ ብነግርሽ ምናልባት ትደርሺላቸው ነበር። በዚያ ፋንታ ቀለም ላክሁልሽ።

ሳያት ዘጠና ስድስት አምጥታለች። ስነግራት «አሁን መተኛት እችላለሁ?» አለችኝ። ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለወላጆች የጻፍኩት ሌላ ወረቀት አለ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአንቺ እንዳልሆነ ይናገራል። ይኼኛውን አንብቢላቸው። አቶ ኩምሳ ባሉበት አንብቢው።

ሙሉብርሃን


መቱ፣ ጥር 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ጋሼ፣

አራት ደብዳቤ ልከዋል፤ አራቱም ደርሰውኛል። አሰፋን ባዶ እጁን እየመለስኩት ነው የሰነበትኩት፤ እሱም ከእርስዎ ጋር በመጣላቴ አፍሮ ዓይኔን አያይም።

ለወላጆች የጻፉትን አላነበብኩላቸውም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቁ ለየትኛው ልጅ ይጠቅማል?

ትምህርት ቤቱን ዘጋሽው ወይ ላሉኝ፦ አልዘጋሁትም። ከትንንሾቹ ግማሾቹ ሄደዋል። አሥራ ሦስቱ ግን ተመልሰዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ አቶ ኩምሳ ወላጆቹን ሰብስበው መጡና፣ «አንቺ የጣልሻቸውን አንቺ አንሺያቸው፤ እኛ ሌላ የምናውቀው አስተማሪ የለም» አሉኝ። በደግ ነው የተናገሩት። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ አሮጌ ፈተናዎችን እናጠናለን። ጠዋት ስሞች፣ ከሰዓት በኋላ ቁጥሮች። ከአፈር የሠሯትን መቱ ዝናብ አፍርሷታል፤ የጠገናት የለም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ በፍጥነት ይይዛሉ።

ስለ ኢብሴ ጠይቀውኛል። ደህና ናት። ትማራለች።

ዲሪቤ


መቱ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ጋሼ፣

በየደብዳቤዎ «ኢብሴስ?» ይላሉ። በየደብዳቤዬ «ደህና ናት» እላለሁ። ከእርስዎ የተማርኩት ዘዴ ነው። ዛሬ ግን ሰለቸኝ። ደግሞም ከእርስዎ በቀር ልነግረው የምችለው ሰው የለም፤ ሌላው ሁሉ «ታዲያ ምን አለበት?» ነው የሚለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። አቶ ኩምሳ አንድ ቀን ጠዋት ዱላ ይዘው መጡ። በራሳቸው መላጊያ አለስልሰው የሠሩት ነው፤ ስንጥር እንዳይኖረው። «ካስፈለገሽ» ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። አልነካውም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሳምንቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማን እንዳወጣው ልዋሽዎት እችላለሁ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሲያዩት ጸጥ እንደሚሉ አስተውዬ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የዝናብ ወሮችን እያጠናን ነበር። ጥያቄው ዝናብ የሚዘንበው ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ነው ይላል። መልሱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲመልሱ ኢብሴ እጇን አነሣች።

«እዚህ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ነው» አለች።

«ወረቀቱ ሰኔ ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ መቱን አያውቃትም፤ እኔ ለክቻለሁ። ግድግዳው ላይ አለ፣ ይዩት።»

«ኢብሴ፣ የምትፈተኚው በግድግዳው አይደለም። ሰኔ ብለሽ ጻፊ።»

«ግን እውነት አይደለም እኮ በርሲስቱ!»

መታኋት ጋሼ። መዳፏን። ጥፋት ስላጠፋች አይደለም፤ እውነቷን ስለነበረና እውነቷ እንደገና እንደሚጥላት ስላወቅሁ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ተመትቶ አያውቅም። አንድ ልጅ እንኳ አልጮኸም፤ እንዴት መጮህ እንዳለባቸውም አያውቁም። ኢብሴ መዳፏን አየችው፤ ከዚያ ሌላኛውን እጇን ዘረጋችልኝ። እንድትዘረጋ አልነገርኳትም። የሌሎች ትምህርት ቤት ልጆች እንደዚያ ሲያደርጉ አይታ ይሆናል። ደንቡ እንደዚያ መስሏት ነው።

ሁለተኛውን አልመታሁም ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ።

ወደ መቀመጫዋ ተመልሳ «ሰኔ» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ጣሳውን አልለካችም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። በሁሉም ልምምድ አንደኛ ናት።

ዲሪቤ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ዲሪቤ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ተዪው እንዳልልሽ ምን መብት አለኝ? ቀጥይ እንዳልልሽም እጄ አልጽፍ አለ። አሥራ ሦስቱ ቢያልፉ ያንን ምት የሚሽር አይደለም፤ ቢወድቁ ደግሞ ለምንም የተመታች ትሆናለች። ከዚህ የሚያወጣ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ሳያት ለኢብሴ ሦስት ጊዜ ጽፋላታለች፤ መልስ አላገኘችም። ባለፈው እሑድ «አባዬ፣ ተቀይማኝ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት። ይኸው አሁንም እዋሻለሁ።

እመጣለሁ እንዳልልሽ፣ ስንቴ ብዬሽ ቀርቻለሁ። ከልቤ አዝናለሁ። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ሌላ የለኝም።

ሙሉብርሃን


መቱ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሉብርሃን፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እትዬ የምስራችን ሰላም ይበሉልኝ። ውጤቱን በስልክ ከሰው መስማትዎን አሰፋ ነግሮኛል። ከእኔ እጅ ይሁን ስላሉ እጽፍልዎታለሁ።

አሥራ ሦስቱም አለፉ። ሴና አለፈች፣ ኦሊ እንኳ አለፈ። ኢብሴ ከወረዳው ሦስተኛ ወጣች። ውጤቱ በተለጠፈ ዕለት አቶ ኩምሳ በግ ይዘው ግቢዬ ገቡ፤ አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ለየብቻችን ነው ያለቀስነው፤ እሳቸው ግን አላወቁም።

ትምህርት ቤቱ ምን ሆነ ብለዋል። ሞልቷል ጋሼ። ከሁለት መቶ በላይ ልጅ ተመዝግቧል፤ ከቡሬ፣ ከጎሬ፣ ከአልጌ ድረስ እያመጡ ነው። የመጋዘኑን ጀርባ አጽድተን ሁለት ክፍል ጨምረናል፤ አግዳሚ ወንበሮቹን የሚሠሩት አቶ ኩምሳ ናቸው። ግድግዳዎቹ በሙሉ አዲስ ኖራ ተቀብተዋል። ያ ከጽሕፈት ቤት የመጣው ሰው ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ «አሁን ትምህርት ቤት ሆነ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ለሌሎች አርአያ ትሆናላችሁ አለ። አመስግኜ ሸኘሁት።

እተወዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ለማን? ብተወው ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ያ ሰው ከእኔ የበለጠ ይመታል። ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ። እርስዎም ሰበብ ያውቃሉና አይፈርዱብኝም።

ኢብሴ ትናንት ካርዷን ልትወስድ መጥታ ነበር፤ መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች። አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ኢብሴ፣ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«ውጤቴ የሚያደርሰኝን» አለች። በትሕትና ነው የመለሰችልኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀሁበት ነገር ነበር፤ ጀመርኩት። «ያን ቀን ታኅሣሥ ላይ…» ስል አቋረጠችኝ። «ኧረ በርሲስቱ! እሱ ባይሆን መች አልፍ ነበር? እኔ እኮ አመሰግንዎታለሁ።» ቅሬታ ፊቷ ላይ ፈልጌ ነበር ጋሼ። ብትቀየመኝ፣ ብትሰድበኝ ብዬ እመኝ ነበር። ከልቧ ነው ያመሰገነችኝ።

ለሳያት መልስ እንድትጽፍ ነገርኳት። «እሺ» አለች። የምትጽፍ አይመስለኝም።

እሷ ልትወጣ ስትነሣ አንድ አባት ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ ለምዝገባ ገባ። ከቡሬ ማዶ ነው የመጡት፤ ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ከኪሱ የልደት ወረቀቷን ሲፈልግ እሷ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ኢብሴን ቀሚሷን ያዝ አድርጋ በኦሮምኛ፣ እዚህ ይጫወታሉ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ልመልስላት አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልላት እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ኢብሴ ቀደመችኝ። በርከክ ብላ የልጅቷን አንገትጌ አስተካከለችላት፤ ድምፅዋ እንደ ታላቅ እህት የለሰለሰ ነበር።

«አይ፣ እዚህ ይጠናል» አለቻት። «አትፍሪ። ይለመዳል።»

አባትየው ሳቀ። እኔ የልጅቷን ስም ጠይቄ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት።

ዲሪቤ